ዐሥር እስኪሞላ

ሌሲኤሊ ጎረቤቴ፣ ማታ ማታ፣
መርፌዋን ተወግታ፣ እራቷን በልታ፣
በግራ ጎኗ ትጋደማለች፣ ከበረንዳው ላይ፤
ዐሥር ዘለላ ሰሌን ከፊቷ፣ ዐሥሩንም ስታይ።
ሆዷ ውስጥ ሲፈራገጥ አንዱን ታጥፋለች፤
ሲገላበጥ ሌላውን። እንዲህ ታመሻለች።
ታጥፎ ሲያልቅ ትደውላለች
ኒውዚላንድ ወይን ሊገርዝ ለሄደው ለባሏ ለሞሴሴ፤
«ዐሥር ሞላ» ትለዋለች። «እፎይ» ይላል፣ «እፎይ ነፍሴ።»
ሌላ ወሬ የላቸውም፤ ካርድም አይተርፍ ለሌላ፤
ትዳራቸው ይህችው ናት፦ ዐሥር እስኪሞላ።

አዋላጇ ፋፒዮላ፣ ጣቷን ወግታ ደሟን ለክታ፣
ስኳር መሆኑን ያየች ዕለት፣ ነግራታለች ረጋ ብላ፣ ቃሏን አጥብቃ፣ አጽንታ፦
«ልጅሽ እስኪወለድ ድረስ አንደበቱ እግሩ ነው፤
ሁለት ሰዓት ቆጥረሽ ዐሥር ካልሞላ፣ የሚጠራሽ እሱ ነው።
ስኳር ያለባት እናት ‹ነገ› የሚባል ቀን የላትም፤
ሌሊት ቢሆን ተነሽና ነይ፤ ማንም አይቆጣሽም።»

ሌሊት አለች እንጂ እሑድ አላለችም።
በቶንጋ፣ በእኛ ደሴት፣ እሑድ ጀልባ አይነቃነቅም፤
መረብ አይጣልም፣ ልብስ አይሰጣም፤
ሕፃን እንኳ ከደጅ ወጥቶ አይሯሯጥም።

እና እሑድ ሆነ።
የወገብ ምንጣፌን ታጥቄ፣ መዘምራኑን ልመራ ስወጣ፣
ሌሲኤሊ ደጄ ቆማለች፣ ሰሌን በእጇ፣ ቃል ከአፏ ሳይወጣ።
አራቱ ታጥፏል። ስድስቱ ቀጥ እንዳለ ቀረ።
አማቷ ከኋላዋ፦ «ዐርፎ ነው፤ እሱም ሰንበትን አከበረ።»

ይችን ቃል ዐውቃታለሁ።
የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሚስቴ ፉሲ «ዝም አለብኝ» ስትል፣
«ዐርፎ ነው» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ትራስ አመቻቸሁላት፣ ተኛች እንደ እኔ ቃል።
እውነቴንም ነበር።
ዐርፎ ነበር።

የሞተሩን ገመድ ሳብኩት። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ተነሣ፤
መዘምራኑ ያለ እኔ የጀመሩት መዝሙር ዜማውን ረሳ።
ሕዝቡ ደጃፍ ወጥቶ አየን፤ እጁን ያነሣ አልነበረም፣
ለመባረክም ሆነ ለመርገም።

በግራ ጎኗ፣ መረቡ ላይ፣ ሆዷን አቅፋ ተኝታለች፤
ማዕበል ጎናችንን ሲመታ «እሱ ነው?» እላታለሁ፤
«ባሕሩ ነው» ትላለች።

ኔያፉ ሆስፒታል ፋፒዮላ በሆዷ ዙሪያ ቀበቶ አሰረች።
መሣሪያው ተንሾካሾከ፣ ጭር አለ፤ እንደገና አዛወረች።
ሴቶች የዛፍ ቅርፊት ጨርቅ ሊሠሩ፣ ግንድ ላይ ሲደበድቡ
ከሩቅ እንደሚሰማው ሁሉ፣ ተሰማን ሲመታ ልቡ።
ደስ ሊለኝ ሲል፣ ወረቀቱን በጥፍሯ ተከተለች፤
«ይመታል፤ ግን አይጫወትም። ሜዳ ነው መስመሩ» አለች፤
«ኮረብታ መውጣት ነበረበት። ዶክተሩን ጥሩልኝ ቶሎ።
ለሰኞ ብላችሁ ቢሆን—»
ቀሪው ከአፏ ቀረ ተንጠልጥሎ።

ከመሸ በቀዶ አወጡት። ወፍራም፣ ቀይ፣ ግን ዝልፍልፍ፤
ስኳሩ ወርዶ ነበርና ተረከዙን ነኩት በመርፌ ጫፍ።
እግሩን አወራጨ።
አምስት፣ አልኩ፣ መስኮቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ።
ስድስት። ሰባት። ቆይቶ ስምንት።
ዐሥር ሲሞላ ለሞሴሴ ደወልኩ፤ ድምፄ ግን እምቢ አለኝ፤ ከአፌ
የወጣው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ማግስቱን ቄሱ ጠሩኝ፣ «ሰንበት ሻርክ» ብለው።
«ሻርኩ» አልኳቸው፤ «እሷም ትሻር፣ እሱም ይሰንብት ብዬ ነው።»
ለአንድ ወር ከመዘምራን አገዱኝ፣
እጄን ግን ጠበቅ አድርገው ጨብጠው።

ፉሲ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። «ስንት ሆነ?» አለች።
«ዐሥር» አልኳት።
ቀስ ብላ የእጇን ጣቶች አንድ በአንድ አጠፈች፤
ሦስት ላይ ስትደርስ
ቆመች።