አንገት የሌለው ፎቶ

ያ ፎቶ አንሺ ሰውዬ፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣው፣
ካሜራውን ያቆመ በሰው ልክ ነው፤ ምን ያምጣው!
«ዝለሉ!» ሲለን ዘለልን።
ታጥቦ ሲመጣ ቆጠርን፦
አካል ስድስት፣ ፊት አምስት።
ስድስተኛዋ ላቀች
እስከ አንገቷ አለች፤ ከዚያ በላይ
ከወረቀቱ አመለጠች።

ሃምሳ አራት ነው፣ ጥቅምት፤ ደብረ ብርሃን ውርጭ ያደረበት፣
ሣሩ እንደ ጨው ነጥቶ ከእግር በታች የሚሰበርበት።
መስመራችን አመድ ነው፣ ነፋስ መጥቶ የሚያጠፋው፣
የት ነበር ብለው ሲሟገቱ ዳኛው በጫማው የሚያሰፋው።
መረቡን ራሳችን ፈተልን፣ ከመንዝ በመጣ ጠጉር፤
ዝናብ የጠጣ ዕለት ግን፣ እንደ እርጉዝ በግ ሆዱ ከምድር።

እኔም አንሺ ነበርኩኝ፤ የኳስ እንጂ የፎቶ አይደል፤
እሱ የሳታትን ልጅ እኔ አልሳትኳትም በውል።
«አፀደ!» ትለኛለች፤ ዞሬ እንኳን ሳላያት፣
ኳሷን ከጣቴ ጫፍ ላይ ወደ ድምፅዋ ሰደድኳት።

እሷ ስትመታ ጊዜ የቅዳሜ ገበያተኛ
አህያውን ከነጭነቱ ትቶ ይሆናል ዳኛ፤
«ወጥታለች!» «የለም፣ ገብታለች!» ሲባባል፣ ሲላፋ፣
ስልቻው በአህያ ተረግጦ ገብሱ መንገድ ላይ ተደፋ።

«ሴት ስትዘል ዝናብ ይሸሻል» ብለው ላባቷ ነገሩት፤
አልመለሰም። አንድ ቀን ከዛፍ ጀርባ አገኘሁት፣
ነጥቧን በጭራሮ ሲቆጥር።
አሥራ አራት ስባሪ ነበረው።

ቅርጫት ኳስም ነበረን፤ ቀለበቱ የበርሜል ብረት፣
ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በሁለት ምስማር የተመታበት፣
ወደ ግራ ያዘመመ።
ላቀች ግን ማዘመሙን እንደ ሰው ጠባይ ለመደችው፤
ሁለት ጣት ወደ ግራ እያለች ኳሱን አስገባችው።

አዲስ አበባ ወረድን። ቀለበቱ ቀጥ ያለ፣
መረብ የለበሰ፣ ቀለሙ ገና ያልደበዘዘ፤
የመጀመሪያዎቹን አራት፣ ሁለት ጣት ወደ ግራ ሳተች!
ላብዋን በክንዷ ጠርጋ፣ «ቀጥ ያለ ነገር ያስታል» አለች።
ከዚያ በኋላ አልሳተችም። አሥራ ዘጠኝ አገባች።
በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።
ማታ በጭነት መኪና፣ ሸኖ ላይ ብርዱ ሲያርሰን፣
ስድስታችን አንድ ነጠላ ከወዲያ ወዲህ ስንጎትት፣
የላቀች እግር ብቻ ነው ያደረው ከውጭ፣ ከበረዶ ፊት።

ለጠቅላይ ግዛቱ ቡድን ሁለት ዓመት ተመረጠች፤
ብርድ ልብስ ፋብሪካው ሲከፈት በቁመቷ ተቀጠረች፣
የተበጠሰውን ክር ያለ መሰላል የምትደርስ።
ቀን ትቀጥላለች፣ ማታ ለፋብሪካው ትጫወታለች፤
ክሩ አልጠገባትም፣ ኳሱም።

ስልሳ አንድ፣ ግንቦት፣ ካፊያ። «አፀደ!» አለች፤ ሰደድኩ።
ጥቂት አብልጬ ነበር። ከጣቴ ሳትወጣ አወቅሁ።
ሄደች እሷም፣ ከኋላዋ፣ እስከማላውቀው ድረስ።
ስትወርድ ጭቃው ከዳት፤ ጉልበቷ ሲል ቀጭ፣
ሌላ ማንም አልሰማም፣ ከእኔ በቀር፣ ከእጄ በቀር።

ስንት ዓመት ዋጥኩት! ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣
አፌ ላይ ደርሶ እየተመለሰ። ባለፈው ፋሲካ ግን፣
«ያቺን ኳስ አብልጬብሽ ነው» አልኳት፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ።
ዝም ብላ ቆየች።
«መታኋት?»
«መታሻት።»
«ገባች?»
«መስመሩ ላይ። አመዱ ጨሰ።»
«እንግዲያው ምን ሆነሽ ነው፣ ነጥብ ያገባሁበትን የምታለቅሺው?»

አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ከመደርደሪያው ጨው ለማውረድ
የልጅ ልጇን ትጠራለች። ወገቧ ጎበጠ፣ ወረደ፤
ትናንት በራፌ ላይ ቆማ፣ ትከሻችንን ለካችና፣
እኩል መሆናችንን አይታ፣ እንደ ድሮዋ ሣቀችና፣
«ነይ፣ ፎቶ እንነሣ» አለችኝ፤
«አሁን እገባለሁ።»