አለሁ ለማለት ያህል

ባሕሩ በረዶ ሆኖ፣ መርከብ እንደ ድንጋይ በተተከለበት፣
ፀሐይ በአራት ሰዓት ብቅ ብላ በስምንት በምትገባበት፣
ኦሉ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሄልካ አንገቷን ደፍታ
ሽቦ ትበይዳለች ከጥፍር ባነሰች ሰሌዳ፣ ምሳዋን ረስታ።

የታዘዘችው ቀላል ይመስላል፦ ለበረዶ አጋዘን አንገት
አንዲት ማሰራጫ፤ በአንድ የሳንቲም ባትሪ የምትቆይ ሦስት ዓመት።

የመጀመሪያዋ ትጮህ ነበር፣ እንደ ገበያ ለፋፊ፤
በዘጠኝ ቀን ባትሪዋ አለቀ፤ ከቃሏ ግማሹ ትርፍራፊ።

ሁለተኛዋን እንቅልፍ አስተማረቻት።
ሰዓቷ ብቻ ነቅቶ፣ ቀሪው አካሏ ተኝቶ፣
በየደቂቃው፣ ከዓይን ጥቅሻ ላጠረች ቅጽበት፣
ብድግ፤ ትናገርና፤ እንደገና ድብን ያለ እንቅልፍ።

ያም ሆኖ ታፈሳለች። ተኝታም ባትሪ ትጠጣለች፤
የማይክሮ አምፔሩን ሌባ ስታሳድድ ሄልካ ሁለት ሳምንት ባከነች።
የተገኘው ከብየዳው ሥር ነው፦ እድፍ፣ በወጉ ያልታጠበ፣
እንደ ተሰነጠቀ ጋን፣ ጠብ ጠብ እያለ ባትሪውን የሳበ።

ከዚያ ብርዱ። ከሰሜን፣ ከኡትስዮኪ፣ የመንጋው ጌታ ኒላስ ደወለ፦
«ጠረጴዛሽ ላይ ትናገር ይሆናል፤ እዚህ ግን ዲዳ ናት» አለ።
ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን ባትሪ ጉልበት ይከዳዋል፤
በአንድ ትንፋሽ ተናገር ሲሉት ወገቡ ይንቀጠቀጣል።
ስለዚህ ዕቁብ አስገባቻት፦ ጠብታ ጠብታ የሚለቅም
አንድ ካፓሲተር፤ ዕጣው ሲወጣ ጠራርጎ ሰጥቶ ባዶውን የሚቆም።

ግን ገላ አለ። ገላ ውኃ ነው፤ ውኃ ድምፅ ይውጣል፤
ጠረጴዛ ላይ የተቃኘ አንቴና አንገት ሲነካ ቅኝቱ ይፈርሳል።
ለሙከራ አጋዘን ከየት ይምጣ? ሄልካ ማሰሪያውን አነሣች፣
የገዛ አንገቷ ላይ አሰረችው፤ በረዶ ወደሆነው ባሕር ወጣች።

ሻርፗን ፈትታ ሄደች፣ አንቴናው ቆዳዋን እንዲነካ፤
ታውኖ በመስኮቱ አጠገብ፣ መቀበያውን ይዞ ሲለካ።
ሁለት መቶ ሜትር። አራት መቶ። ከዚያ ጭጋግ ወረደ።
አላያትም። ስልኳን ደወለ፤
ስልኳ እዚያው ወንበሯ ላይ ጮኸ።

ያኔ ነው፣ ስክሪኑ ላይ፣ ከሚንጫጫው ሣር መሐል
አንዲት ቀጭን ጭረት ብቅ ያለችው።
ብርዱን አላማረረችም፤ ስሟን እንኳ አልጨረሰችም፤
«አለሁ» አለች፤ ተኛች።

ታውኖ ስድሳ ቆጠረ።
«አለሁ።»

አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ አስገብቶ፣
ሌላውን ረስቶት፣
እንደገና ከአንድ ጀመረ።