አጥንት ለላንድሮቨሯ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሳሙና በር ቆሞ፣
አያ አዛናው ያስላል ከመኪናዋ ቀድሞ።
ከግንቡ ድንጋይ ጋር ሲያወጋ ያደረ
ብርድ ነው ጣቱን ከበሩ ያሰረ።

ቁልፉን አንዴ ሲያዞር ሞተሪኖው ያቃስታል፣
ሁለተኛ ሲያዞር የጎረቤት ውሻ ይነሳል፣
ሦስተኛውን ሲያዞር
ነጭ ጭስ ትተፋና ሁሉም ዝም ይላል።

ከዚያ የድሮ ዘዴ፦ በጣሳ ፍም ይዞ
ከሆዷ ሥር ይገባል፣ እጁ ደነዛዞ።
አምና በኅዳር ነው ቅንድቡ የሄደ፣
ናፍታ የጠጣ ጨርቅ እጁ ላይ ነደደ።
ግራው እስከ ዛሬ በቅጡ አልበቀለም፤
ሲቆጣና ሲገረም ልዩነት የለም።

አሥራ አንድ ሲል ደግሞ የዳባት መንገደኞች፣
ስምንት ሰው፣ በጋቢ፣ ቆመው እንደ ዳኞች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ጋራዤ ሲመጣ፣
ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር አወጣ፦
በጋዜጣ ጥቅል፣ ከመዳብ የሆነ፣
እንደ ዶሮ ቅልጥም ጫፉ የቀጠነ።
«ከመተማ መጣ፣ በሱዳን ሹፌር እጅ፤
ሞተር ያሞቃል አሉ፣ አንቺ ታውቂያለሽ እንጂ!»

ወረቀቱን አየሁ። ፊደሉ የማን አገር እንደሆነ
እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅሁ።
ሥዕሉን ግን አነበብኩ፦
ውሃ፣ ሽቦ፣ ቀስት፣ ኮከብ የሚመስል በረዶ።
«አያ አዛናው፣ ይህማ አጥንት ነው» አልኩት፤
«ለሰው ብቻ ነው ወይ በጥቅምት የሚሉት?»

ራዲያተሩን ከፈትኩ፣ ውሃው ወረደ፣
የሠላሳ ዓመት ዝገት አብሮት ተሰደደ።
ከብሎኩ ጎን ያለች አንዲት የብረት ቆርኪ
እምቢ አለች።
በፒንሳ ለመንኳት። እምቢ አለች።
ካቻቢቴ ደግፌ በመዶሻ ሳስፈራራት
ወጣች፣ ከነክብሯ፣ ጉልበቴ ላይ አረፈች።
ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ የሕፃን አፍ ያህል፤
አጥንቱን በጎማ ቀለበት ጠቅልዬ አጎረስኳት፣
እንዳታንጠባጥብ ጥርሷን አስነከስኳት።
ሽቦውን አሳለፍኩ በአፍንጫዋ በኩል፣
መሰኪያው ሲወዛወዝ ሎቲ ነው የሚመስል።

ሂሳቡን ስነግረው የተረፈ ቅንድቡ
ከባርኔጣው ሥር ገባ። ከፈለ ግን በደንቡ።

ማታ ስልክ ጮኸ። አንጓች ናት፣ ሚስቱ፦
«ሃያ ስድስት ዓመት ከጎኑ ስተኛ
ገዝቶልኝ አያውቅም ብርድ ልብስ ሁለተኛ፤
ለዚች አሮጊት ግን ከሆዷ ምድጃ!
የተረፈሽ ዕቃ አለ? ለእኔም ይሆን እንጃ።»
ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ግን ብዙ አልሳቅሁም።

ረቡዕ መብራት ጠፋ። ጣሳ፣ ፍም፣ ያው ጭሱ፤
ስምንቱ ዳኞችም አልቀሩም እነሱ።

ሐሙስ ሌሊት መብራቱ አደረ።
አያ አዛናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃ፤
መንቃቱ አያስፈልግም፣
አካሉ ግን ገና አልተነገረውም።
ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ውርጭ። ከአንገረብ የመጣ ጉም።
እጁን ኮፋኖው ላይ አሳረፈ
እንደሚያተኩሰው ልጅ ግንባር።

ሞቃለች።

ከሥሯ የጎረቤት ውሻ፣
ያ በሁለተኛው ቁልፍ የሚጮኸው፣
አፍንጫውን በጭራው ሸፍኖ ያንኮራፋል።
ፍም የለ፣ ጣሳ የለ፣ የሚለመን ብረት የለ፤
ሁለት ሰዓት ሙሉ በእጁ ቀርቶ
ምን እንደሚያደርገው ጠፋው።
ሁለቱንም መዳፎቹን ዘርግቶ ቆመ፣
ሙቀቱ እስከ ክርኑ እስኪወጣ።
ከዚያ ገባ፤
በጨለማ ውስጥ የአንጓችን እግር ፈለገ፣
ያዘው።

ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። እሱ የነገረኝ
ስለ ናፍታ ፍጆታ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ላይ ቁልፉን አዞረ፣ አንድ ጊዜ።
ዳኞቹ ፍርድ ሳይሰጡ ተሳፈሩ።
ውሻው ብቻ፣ ከሞቀ መኝታው የተነሳው፣
እስከ ወለቃ መንገድ እየጮኸ ተከተላቸው።