ዝንቧ

አሞራ ገደል፣ ጠዋት፣ ጀልባው ሁሉ ሲራገፍ፣
የእህቴ ልጅ ሃሜሶ ቆሮሶውን ሲገፍፍ፣
በእርጥብ ጨርቅ ይማታል፣ በግራው፣ በቀኙ፣
ዝንብ እንደ ጥቁር አዝሙድ ሲፈስ በየማዕዘኑ።
«አጎቴ፣ እጅህ ላይ ናት» ይለኛል፣ «አታያትም?»
አያታለሁ።
አላባርራትም።

ሃያ ሰባት ቀን ሆነን፣ ሞምባሳን ከለቀቅን፣
ነፋስ ሲሰጠን ሄድን፣ ሲነሣን ደረቅን።
አሮጌ የሸራ ጀልባ፣ ሞተሩ የማይነሣ፣
አለቃዬ ናሶሮ፣ የላሙ ሽማግሌ፣ ጥርሱን ባሕር ላይ የረሳ።
ውሃው በብርጭቆ ነው፣ ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ፣
ሽንኩርቱን ቆጥረን እንተኛለን፣ እንዳይጎድል፣ እንዳይሸሽ።
እናቴ የቋጠረችው በሶ አልቆ፣ ከረጢቱ ብቻ ቀርቶ፣
አፍንጫዬን ከትቼ ባሸት፣ ጨው ነው፤ ገብሱን ባሕር በልቶ።

«ውሃማ አውቃለሁ» ብዬ ነበር፣ የሐዋሳ ልጅ ነኝና፣
ከታቦር ሥር፣ ጉማሬ ሲያዛጋ እያየሁ አድጌያለሁና።
ለካ እኔ የማውቀው፣ ማዶ ያለው ውሃ፤
ያኛው ማዶ የለውም፣
እርጥብ በረሃ።

በዚያ ሌሊት ናሶሮ ትከሻዬን ነቅንቆ፣
«አሽትት» አለኝ። አሸተትኩ። ከጨው በቀር ሁሉ ርቆ።
«የለም» አልኩት። «ቆይ» አለኝ። ነጋ። ምንም አልታየም፤
ሰማዩን ከውሃው እንኳ ዓይኔ አልለየም።

ከዚያ መጣች።
አንዲት ዝንብ።

ከየት እንደሆነ እንጃ፣ በነፋሱ ላይ ተሳፍራ፣
ሸራውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደክሟት መሰለኝ፣ ዞራ፣
አውራ ጣቴ ላይ አረፈች፤
እጆቿን አፋተገች፣ እንደ ነጋዴ፣ ገበያ እንደ ደረሰች።
ዕድሜዬን ሙሉ የገደልኩት ዝንብ ስንት ነው? እግዜር ይወቅ፤
ያን ቀን ግን ትንፋሼን ዋጥኩ፣ እንዳትበር፣ እንዳትርቅ።
ናሶሮ ሽማግሌው፣ ያ ማዕበል ያላስለቀሰው፣
«መሬት ናት» ብሎ አለቀሰ፤ ክንፏን በዓይኑ ዳበሰው።

እኩለ ቀን ላይ ደመና አየን፣ ከቦታው የማይነቃነቅ፣
ደመናው ተራራ ሆነ፣ ተራራው አረንጓዴ ሲደምቅ፣
ዘንባባው መጣ፣ ቆርቆሮው መጣ፣ የውሻ ጩኸት መጣ፤
እኛ የቆምን መሰለኝ፣ ደሴቲቱ ልትቀበል ወጥታ።

መልሕቅ ጣልን። ዳሩን ረገጥኩ። ረገጠኝ ልበል፣
ጉልበቴ ተፈታ፣ ምድር እንደ ጀልባ ስትል።
እዚያው ቁጭ አልኩ፣ ሰው እያየኝ፣ ሳላፍር፣
በሁለት እጄ ያዝኩት፣ እንዳይሄድብኝ፣ አፈር።

ማኅተም ያዡ ሰውዬ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣
«ከየት ነህ?» አለኝ። ነገርኩት። ግድግዳው ካርታ ላይ ፈለገ።
«አገርህ ባሕር የላትም፤ መርከበኛ ከየት መጣህ?»
«ሐይቅ አለን» አልኩት። ሳቀ።
«ይሁን፣ እንኳን በደኅና ወጣህ።»
አንዲት ሴት በፕላስቲክ ጆግ ውሃ አመጣችልኝ፤
ግማሹን ጠጥቼ አቆምኩ። ልማድ ነው። አየችኝ።
በእጇ አመለከተች፣ ሁሉንም።
ሁሉንም ጠጣሁት።

ይህን ለሃሜሶ ስነግረው፣ ቢላውን ድንጋይ ላይ እየሳለ፣
ያዳምጣል። ደግሞ ይጠይቃል፣ የልቡን እንዳዘለ፦
«ደሴቷስ ቆንጆ ናት? ሴቶቿስ? ባሕር ዳሩስ?»
አላስታውስም። የማስታውሰው፣
ጣቴ ላይ የቆመችውን፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነፍስ።

አባ ኮዳው አንጀት ይጠብቃል፣ ቆሞ እንደ ጡረተኛ፤
ሃሜሶ ጨርቁን ያነሣል፣ «ልምታት?» ይላል፣ እንደ ዳኛ።
«ተዋት» እለዋለሁ፣
«ከሩቅ መጥታ ይሆናል።»
«ከዚያ ከአንጀቱ ክምር ናት እንጂ፣ ከየት ትመጣለች?» ይላል።

እውነቱን ነው።
እጄን ግን አላነሣም።