የሽምብጥ ባሕር

ምንይችል መስታወት ይቆርጣል፤ ሽምብጥ ሁሉ ያውቀዋል፣
የመስኮት ስንጥቅ በጣቱ ዳብሶ፣ ከየት እንደጀመረ ያወራል።
በልጅነቱ፣ በዚያ በወታደር ዘመን፣ ምጽዋ መርከበኛ ነበረ፤
ዘመኑ ሲያልቅ በእግሩ መጣ፤ ማዕበሉ ጆሮው ውስጥ ቀረ።
ጡረታም አልተከተለው፣ ኒሻንም ይዞ አልመጣ፣
ኪሱ ውስጥ አንድ ዛጎል ነው ከዚያ ሁሉ ውሃ የወጣ።

እኔ ሚስቱ ነኝ። የምነግራችሁ ያንን መጋቢት ነው፣
ሳሎኔን በመዶሻ ለሁለት የከፈለበትን፣
ሶፋዬን ወደ ማድቤት አባሮ ብረት የበየደበትን።
አራት ሜትር መስታወት፣ አሥራ ዘጠኝ ሚሊ ውፍረቱ፣
ስምንት ጎረምሳ ተሸክሞት በጓሮ በር ሲገቡ
የውሻዬ ጩኸት እንኳን ቆመ።
ማዕዘኑን በሲሊኮን ሲሞላ ትንፋሹን ይዞ ነበር፣
እትብት እንደምታስር አዋላጅ።

"ምን ልታደርግበት ነው?" ብለው
"ባሕር" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረው።
"ባሕርማ ደጃችን አይደል? ከተማዋስ ስሟ ማን ሆነና?"
"እሱ ሐይቅ ነው። ባሕር ሲቀምሱት ይመራል" አለና
ወደ ፈንቴ ሱቅ ሄደ።
ጨው በኩንታል አስጭኖ፣ በጋሪ ሲያስመጣ በቀትር፣
"ቆዳ ነጋዴ ሆንክ እንዴ?" አለው ፈንቴ ሂሳቡን ሲቆጥር።

ዓሣውስ? የምጽዋ ዓሣ ጎጃም ድረስ ምን ሊሠራ ይመጣል?
"ያገራችንን እናለምደዋለን" አለ፤ "ፍጡር ስንቱን ይለምዳል።"
ሽባባው በታንኳው፣ የጀሪካን አፍ ቆርጦ፣
አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ነጭ ዓሣ፣ የሚንፈራገጠውን መርጦ፣
ጎሕ ሳይቀድ ከጣና ይዞ መጣ። አሥራ ስምንት ቆጠርን።
ውሃውን በምላሱ ነክቶ ፊቱን አጨማደደ ሽባባው፦
"ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ እንጂ፣ ለዓሣ ማን አዘዘው?"

ማታ ነው የጀመረው።
ቆሮሶው አፉን ከፈተ፤ ነጭ ዓሣው በጎኑ ተኛ፤
አምባዛው ብቻ ጢሙን ዘርግቶ፣ እንደ ተቀየመ ዳኛ፣
ከታች ሆኖ ያየናል።
ወደ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ፣ እኔ በባልዲ እሱ በጣሳ፣
ስናሻግር፣ ስንሮጥ፣ ስንወድቅ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ስንቀሰቅሳ፣
ቤት የተቃጠለ መስሏቸው አካፋ ይዘው መጡ፤
ያገኙት የታመመ ዓሣ።

ሰባቱ ሞቱ። ሁዳዴ ነው፤ ሰፈሩ ደጃችን ቆሞ
"ዓሣ ይፈታል?"፣ "አይፈታም!" ሲከራከር በጾሙ፣
እሱ ከሎሚው ሥር ቆፍሮ ቀበራቸው፣ ማንንም ሳይሰማ።
ጨዋማውን ውሃም እዚያው ደፋን። (ሎሚዬ ሰኔን አላየም።)

ከዚያ ባዶው መስታወት ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ።
ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ያን ለት ነው የተናገረ፦
"እኔንም እኮ" አለ፣ "ከዚሁ ውሃ አውጥተው፣
ጨው ውስጥ ከተው፣ 'ትለምዳለህ' አሉኝ። የለመደ ለመደው።
በጎኑ የተኛውን ግን... ስሙን የማውቀው እኔ ነኝ።"
ስንት ስም እንደሆነ አልጠየቅሁትም።
ከቆይታ በኋላ "የአንዱ ስም ልዑልሰገድ ነበር" አለኝ።

ጠዋት በአህያ በርሜል የጣናን ውሃ አስቀዳ፣
ከነደለሉ፣ ከነድንጋዩ፣ ከደንገሉም ሥር ቆርጦ።
አሥራ አንዱ ገቡ። ዛሬ ስንት እንደሆኑ እንጃ፣
ቆሮሶ ልጁን በአፉ ስለሚደብቅ ቆጠራ አይመች።
ዛጎሉ ከታች አለ፣ አምባዛው ተኝቶበታል።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል።
ያኔ ምንይችል ከጎኔ ይነሳል፤ በጨለማው በጣሳ
ውሃውን ያነሳል፣ ከከፍታ መልሶ ያፈሳል፣ ያነሳል፣
አየር እንዲያገኙ፣ እስኪነጋ።
ከአልጋዬ ሆኜ እሰማዋለሁ። ማዕበል አይመስልም።
ለብዙ እንግዳ ሻይ የሚቀዳ ሰው ይመስላል።