የሚነሣና የሚቆጠር

ከለገሃር በላይ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቴ ያሳያል የባቡር ጣቢያውን፣ ዝናብ ያዘለ ሰማይ።
ታይፒስት ነኝ። ሌላ ማዕረግ የለኝም፣
ከምጽፈው በቀር የማስበውን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ማክሰኞ ከሰዓት ጥያቄ መጣ ከላይ፣
አንድ መስመር ብቻ፦ "ብረት ለበሱ ይበቃል ወይ?"

ሻምበል ባሻ ኤርጫፎ ተጠራ ከጋራዡ፤
ከጥፍሩ ሥር ግራሶ፣ በእጁ ኮፍያና መዝገቡ።
ሃያ ሁለት ዓመት ከሞተር ሥር አርጅቶ፣
መናገር ይከብደዋል፣ ምንጣፍ ላይ የቆመ ጫማውን አይቶ።

"ስንት ታንክ አለን?" አሉት ኮሎኔሉ።
"የሚነሣውን ነው የሚቆጠረውን?" አላቸው። ዝም አሉ።

ቀጠለ። እኔም መታሁ፣ ቃል በቃል፦
"ሰማንያ አራት መዝገብ ላይ ይገኛል።
ሠላሳው ሣር በቅሎበታል፤
ባንዱ አፈሙዝ ወፍ ጎጆ ሠርታ፣ ጫጩቶቿን እስክታበርር ትተነዋል።
ሰንሰለት የሌለው፣ መነጽሩ የታወረ፣
ዘይቱን እንደ ነስር እያንጠባጠበ የቀረ...
ባንድ ባትሪ ሦስቱን በተራ እናስነሣለን፣
አንዱ ሲንቀሳቀስ ነቅለን ወደ ሌላው እንሮጣለን።
ጦር ሜዳ ላይ ግን፣ ጌታዬ፣ ማን ሮጦ ያቀብላል?
አሥራ አንድ። የእውነቱን ካሉኝ፣ አሥራ አንድ ይሄዳል።"

ኮሎኔሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ፦
"በሰልፉ ዕለት እኮ አደባባዩን ሞልተውት ነበሩ!"
"አዎን" አለ ኤርጫፎ፣ "በስታዲየም ጀርባ ዞረን፣
ቁጥራቸውን በነጭ ቀለም ቀይረን፣
ሁለቴ አሳለፍናቸው። እርስዎ ነዎት ያዘዙን።"

ቀይ እስክሪብቶ ወጣ። አሥራ አንድ ተሰረዘ፣
ሰማንያ አራት ከበላዩ በወፍራሙ ተያዘ።
"እንደገና ምቺው።" መታሁት።
"ይበቃል" የምትለዋንም ከግርጌ ጨመርኩት።
አራት ፊደል ናት። አንድ ታንክ ውስጥም አራት ሰው ይቀመጣል፤
የኤርጫፎ የበኩር ልጅ ካራቱ አንዱ ነው፣ ይሾፍራል።

አባትየው ሰማ። ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ፣
ያለ ቃል፣ ያለ ቁጣ።

አመሻሽ ላይ ወረድኩ፣ ታክሲ ተራ ልይዝ።
አስፋልቱ ላይ ዛሬም የሰንሰለቱ ጥርስ አለ፣
የሐምሌ ውሃ ሞልቶታል፣ የመኪና መብራት በውስጡ እየዋለለ።
አንዴ ያለፈ ይሁን ሁለቴ፣ ማን ይለያል?
አስፋልትም እንደ መዝገቡ ነው፣ የረገጠውን ሁሉ ይቆጥራል።

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ድምፅ መጣ፦ "ቆራሌው!"
ጆንያ በትከሻው፣ ሚዛን በእጁ ያንጠለጠለው።
የዛገ በርሜል፣ የአልጋ ሽቦ አንሥቶ፣
መዘነ፤ ዋጋ ተናገረ፣ መርፌውን አይቶ።
በዚህ ከተማ ብረትን በክብደቱ የሚጠራ
እሱን ብቻ አገኘሁት፣ በዝናብ ውስጥ ሲሠራ።

ቦርሳዬ ውስጥ የፊተኛው የካርቦን ግልባጭ አለ፣
ሰማያዊ፣ ደብዛዛ፤ አሥራ አንዱ እንዳለ።
ለማን እንደምሰጠው አላውቅም።

ታክሲው መጣ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ይጣራል፦
"አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ይጎድላል!"