እዚህ ንካ

በስልክህ መስታወት ጎንደርን ስትከፍት
ቀድሞ የሚሰማህ የርግቦች ክንፍ ነው፣ ከግንቡ ሽንቁር ሲነሡ በጠዋት፤
ቀጥሎ ግቢው ይመጣል፣ በሩ ወለል ብሎ፣
ጥቁሩ ድንጋይ የማለዳ ፀሐይ አዝሎ።
ነጭ ነጥቦች አሉ፣ እዚህም እዚያም የረገፉ፣
ዝም ያሉ፤ ጣት ሲያርፍባቸው የሚለፈልፉ።

የአንበሶቹን ቤት ንካ፤ ያገሣል አንበሳ
(ድምፁን ቢራራ ነው ያመጣው፣ ከየት እንደሁ እንጃ)
የተኛ ልጅ እስኪባንን፣ ጎረቤት እስኪነሣ።
ግብር ቤቱን ንካ፤ ጠጅ ይቀዳል፣ በገና ይደረደራል፤
ደረጃውን ንካ፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ኮቴ ሽቅብ ይቆጠራል።

ስምንት ወር ሠራነው፣ ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣
ከታች የልብስ ሰፊ መኪና፣ ከላይ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣
መብራት ሲመጣ ስንነሣ፣ መብራት ሲሄድ ስንቀመጥ።

አንዱ ነጥብ ግን የኔ ነው፤
ከምሥራቁ ግንብ ግርጌ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ሣር የጋረደው።
እዚያ ጋ ኖራው ላይ ጉድጓድ አለ፤ ትንሽ፣ የልጅ ጣት የገባበት፣
ዝናብ ያላጠበው፣ ካሜራ ያልዞረበት።

የእትዬ አንጓች ነው።
ያኔ፣ በደርግ፣ ግንቡ ሲጠገን፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፣
የተቦካ ኖራ በጣሳ፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ መሰላሉ እግር፣ ስታመላልስ ከረመች።
«አለቃው ዞር ሲል፣ ግንበኛው ትንባሆ ሲጠቀልል» አለችኝ፣
«እንዲህ አድርጌ ወጋሁት። ለምን እንደሁ እንጃ፤ እርጥብ ነበር፣ አማረኝ።»
ቀረጽኳት። ያስላታል፤ ሳሏን ልቆርጥ ብዬ ተውኩት።
ከጀርባዋ ዶሮ ይጮኻል፤ እሱንም አልነካሁት።

ሥራው በወጣ በወሩ ቢራራ ቁጥር አመጣ፦
አንበሳው አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ጊዜ አገሣ፣
ጠጁ ሁለት ሺህ ጊዜ ተቀዳ፣ ኮቴው ሺህ ጊዜ ሰገነት ወጣ።
የጣቷ ነጥብ፦ አንድ።
እሱም እኔ ነኝ፤ ይሠራ እንደሁ ልሞክር፣ ሌሊት የነካሁት።

«እናንሣው» አለ ቢራራ፤ «ሌላውን ያከብደዋል።»
«ይደር» አልኩት። ነገር ካደረ ይቀላል።

በማግስቱ ቀሃ ኢየሱስ ወረድኩ፣ ስልኬን ይዤ፣ ላሳያት።
በሯ ላይ፣ ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ተናዳ አገኘኋት።
«ፋይዳ ላወጣ ሄጄ ልጁ እጄን ይዞ መስታወት ላይ ጫነው፤
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ ግራ፣ ቀኝ፤ ጠረገው፣ አራሰው፣ እንደገና ጠረገው፤
‹እማማ፣ አሻራ የለዎትም› አይለኝ መሰለህ?
ታዲያ እኔ ማን ነኝ? እስቲ ንገረኝ፣ አንተ የተማርክ ነህ።»

ጣቶቿን አየሁ፤ ለስላሳ፣ እንደ ወንዝ ጠጠር፣
አንድ መስመር የማይታይባቸው፣ ከዳር እስከ ዳር።
ኖራ ጀመራቸው፣ በረኪና ጨረሳቸው፤
የሆቴል አንሶላ፣ የሰው ሰሃን፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ።

ስልኩን ሰጠኋት። «እዚህ ንኪ» አልኳት።
ነካች። ዝም።
ደግማ ነካች። ይኸኛውም መስታወት እንደዚያኛው ናቃት።
ጣቴን ከጣቷ ሥር አስገባሁ፤ አብረን ተጫንነው።

ዶሮው ጮኸ። ሳሉ መጣ። «አለቃው ዞር ሲል…» አለች ሴቲቱ።
እትዬ አንጓች አንገቷን ቀልሳ አዳመጠች፤
«ይህች ደግሞ ማን ናት? አፏ አያርፍም!» ብላ ሳቀች።
ከዚያ ሥዕሉን አየች፤ ኖራውን፣ ጉድጓዱን፤ ሳቋ ቆመ።
«ይኸውልህ» አለች፣ «ይኸው ጣቴ።
መች ጠፋ! ውሰድና ለዚያ ልጅ አሳይልኝ፣ በሞቴ።»

ማታ ቢራራ ቁጥሩን አይቶ «ሁለት ሆነች፣ አደገች!» አለ፣ እያሾፈ።
አልነገርኩትም፣ በሁለተኛው ላይ ስንት ጣት እንዳረፈ።